አንቀጽ የሌለው የሥራ ዕድል

«ሕንፃው ይሠራ እንጂ ሥራው ራሱ ይመጣል።» በአዲስ አበባ ይህን የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሹሙ የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጥ ይለዋል። አልሚው በመግለጫው ይለዋል። ዜናው «ለዚህን ያህል ሺህ ዜጎች የሥራ ዕድል ይፈጥራል» ብሎ ይቋጫል። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪም በመስኮት ታወር ክሬኑን እያየ «ቢያንስ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ» ይላል። ሁሉም የሚሉት በቅን ልቦና ነው። ሁሉም ተሳስተዋል።

የቀን ሥራ ይመጣል፤ እሱን አልክድም። ሳይት ባለበት ሁሉ ባሬላ የሚሸከም ይፈለጋል። በራሱ የማይመጣው ሙያው ነው፤ የብቃት ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሊፍቱንና ጄኔሬተሩን የሚይዘው ሰው ቋሚ ደመወዝ ነው። እነዚህ የሚገኙት መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት በውሉ ውስጥ አንቀጽ ሆነው ሲጻፉ፣ ሲለኩና ያላከበረው ሲቀጣ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ባለ ገንዘብ አማራጭ አለው፤ ናይሮቢም ኪጋሊም ክፍት ናቸው። ገና በር ላይ ሳለ «ይህን ያህል የሰፈር ልጅ ቅጠር፣ ይህን ያህል አሠልጥን» ካልነው ፊቱን ያዞራል። ኮንትራክተር ደግሞ አስተማሪ አይደለም፤ ቀን የተቆረጠለት፣ ቢዘገይ የሚቀጣ ነጋዴ ነው። የሠለጠነ ሰው በበቂ የለንም፤ ባለን እንሥራ ብንል ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ቧንቧው ያፈሳል፤ ኮንዶሚኒየሙን አይተናል። በዚያ ላይ «የአካባቢው ሰው ይቅደም» የሚል ቃል በዚህ አገር ወዴት እንደሚያመራ ማንም አይስተውም፤ ዛሬ በሰፈር ይጀምራል፣ ነገ በዘር ይጨርሳል።

የመጨረሻዋ ነጥብ ከበድ ያለች ስለሆነች እመለስባታለሁ። ከቁጥሩ ልጀምር።

«ሺህ የሥራ ዕድል» ሲባል የተቆጠረው ምንድን ነው? አንዲት ሴት ለመሠረት ቁፋሮው ሦስት ሳምንት አፈር ተሸከመች እንበል። ቁፋሮው ሲያልቅ ተሰናበተች። ከወር በኋላ ለሶሌታው የአርማታ ሙሌት አንድ ቀን ተጠራች። ኋላ ደግሞ ለልስኑ አሸዋ ስትነፋ ሰነበተች። በሪፖርቱ ላይ ይህቺ ሴት አንድ ሰው ናት ወይስ ሦስት? ሦስት ናት የሚል ሪፖርት ቢቀርብ ማን ያርመዋል? የሠራችበት ሰዓት የትም አልተመዘገበም፤ ስሟ ያለው ካቦው ኪስ ውስጥ ባለች ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሯም ክፍያው ሲያልቅ ትጣላለች። በዚህ አቆጣጠር አንድ ሕንፃ የፈለገውን ያህል የሥራ ዕድል «መፍጠር» ይችላል፤ አንድም ባለሙያ ሳያፈራ።

የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ይህን መንገድ ከኛ በፊት ሄዳበታለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ፣ የከተማው ድጋፍ ያለበት ፕሮጀክት ከሚቀጥራቸው አዳዲስ ሠራተኞች 51 በመቶው የከተማው ነዋሪዎች እንዲሆኑ ደነገገች። ጭንቅላት መቁጠር ግን ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ነዋሪውን ለአንድ ሳምንት ቀጥሮ ስሙን መዝገብ ላይ ማኖር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ማሻሻያ ለትልልቆቹ ግንባታዎች መለኪያው ወደ ሥራ ሰዓት ዞረ። ከተራው የጉልበት ሥራ ሰዓት 70 በመቶ፣ ከተለማማጆች ሰዓት 60 በመቶ፣ ከሠለጠኑት ሠራተኞች 51 በመቶ፣ ከዋናዎቹ ባለሙያዎች ደግሞ 20 በመቶ የነዋሪ እንዲሆን ታዘዘ። የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ሕጉ የሌለ ባለሙያ ከሰማይ አውርዱ አላለም፤ የተለማማጁን ድርሻ ከፍ አድርጎ የነገውን ባለሙያ አስመዘገበ። አፈጻጸሙ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል፤ ያም ሆኖ ወቀሳው ራሱ የተቻለው የሚለካ ነገር ስለተጻፈ ነው። ባለ ገንዘቡ ሸሸ የሚለኝ ካለ፣ ከዚያ ወዲህ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የበቀሉትን ሕንፃዎች ያላየ ሰው ነው።

እንዲያውም አዲስ አበባ ከዋሽንግተን የሚበልጥ ጉልበት አላት። እዚያ መሬቱ በአብዛኛው የግለሰብ ነው፤ ከተማው የሚደራደረው በሚሰጠው ድጋፍና ፈቃድ ነው። እዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 እንደሚለው በከተማ ቦታ ላይ የሚገኘው መብት በውል የሚገኝ ነው። ውል ማለት ደግሞ ሁለት ወገን ተቀምጦ የሚነጋገርበት ነገር ነው። አንዱ ወገን መሬት ይዞ ቀርቦ ስለ ሥራ አንድም ቃል ሳይናገር ቢፈርም፣ ጥፋቱ የባለሀብቱ ነው?

ለገሃርን እናንሳ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ ሊያለማው የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት ቦታ 36 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በከተማዋ እምብርት። እንዲህ ያለ ቦታ ናይሮቢ የላትም፣ ኪጋሊም የላትም፤ ያላት አዲስ አበባ ናት። ያኔ በአደባባይ የተነገረ አንድ ጉዳይ ነበር፤ የሰፈሩ ነዋሪዎች ወደ ከተማ ዳር ሳይጣሉ እዚያው መኖሪያ እንደሚሠራላቸው። ይህ ቅድመ ሁኔታ ነው። ባለሀብቱ ሰምቶ ፊቱን አላዞረም። ታዲያ ስለ መኖሪያ ቤት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ልጅ ስለሚሠራው ሥራ ማስቀመጥ ምን ይከለክላል? የውጭውን ባለሀብት ስለማስደንገጥ የምንጨነቅ ከሆነም ሕጋችንን እናንብብ። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የሚያስመጣ ባለሀብት ኢትዮጵያውያንን እያሠለጠነ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲተካ ግዴታ ጥሎበታል። ሕጉ አለ። የጠፋው «እስካሁን ስንት ተካህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

አሁን ወደ «ባለሙያ የለንም» እንምጣ፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ራሱን በራሱ ያሥራል። ባለሙያ ስለሌለን አናሠለጥንም፤ ስለማናሠለጥን ባለሙያ አይኖረንም። እስከ መቼ?

አንድ ፌራዮ (የአርማታ ብረት አሣሪ) በዚህ ከተማ እንዴት ፌራዮ እንደሚሆን ያየ ሰው ያውቀዋል። ልጁ የሚጀምረው በቀን ሠራተኛነት ነው። ብረት ከመኪና ያወርዳል፣ ዝገቱ መዳፉን እየበላው ወደ አራተኛ ፎቅ ያወጣል፣ ሽቦ እየቆረጠ ለባለሙያው ያቀብላል። ማንም «ና ላሳይህ» አይለውም። እያቀበለ ያያል፤ ጉጠቷ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዛ እንዴት እንደምታሥር፣ ስታፋው በስንት ርቀት እንደሚደረደር፣ ከብረቱ ሥር የምትገባዋ የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ለምን እንደምትገባ። የመጨረሻዋን ብዙ ጊዜ አይረዳትም፤ ብረቱ ፎርምወርኩ ላይ ተኝቶ አርማታ ይፈስበታል፤ ከዓመታት በኋላ ጣሪያው ዝገት ሲያለቅስ ሌላ ሰው ይወቀሳል። ጎበዝ ከሆነ በሁለት ሦስት ዓመት ሥራውን ይለምዳል። ሳይቱ ሲዘጋ ግን እጁ ላይ ወረቀት የለም። ቀጣዩ ሳይት በር ላይ «ምን ትችላለህ?» ሲሉት የሚያሳየው የሻከረ መዳፉን ነው። እንደገና ባሬላ ያነሣል።

ይህ ነው «ሥራው ራሱ ይመጣል» የምንለው ሥርዓት። ሥልጠና የለም አይባልም፤ አለ፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን ልጁ በጉልበቱና በዕድሜው፣ ቤት ገዢው ደግሞ በተሰነጠቀ ግድግዳው ነው። ያው ልጅ ስድስት ወር እየሠራ ቢማር፣ በመጨረሻ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈትኖ ደረጃውን ቢይዝ፣ ለኮንትራክተሩ ራሱ የሚተርፈው ፈርሶ የሚሠራ ሥራ ማነሱ ነው። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የሚወድቀውም ሰው ይቀንሳል። ይህን ማሰብ ሰብአዊነት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

«ኮንዶሚኒየሙስ?» ይሉኛል። እሺ፣ ኮንዶሚኒየሙ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ግቡን ሲያስቀምጥ 400,000 ቤት ብቻ አላለም፤ 200,000 የሥራ ዕድልና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚል አብሮ ጻፈ። የግንባታ ዘዴው ራሱ ለዚህ እንዲመች ተመረጠ። ሶሌታው በተገጣጣሚ ቢምና ባዶ ብሎኬት እንዲሠራ የተደረገው በየሰፈሩ የተደራጁ ወጣቶች በትንሽ ማሽን ሊያመርቱት ስለሚችሉ ጭምር ነው። ሼድ ተሰጣቸው፣ ሥልጠና ተሰጣቸው፣ ገዢ ተዘጋጀላቸው። በርግጥ የማይገጥም በር፣ የሚያፈስ ቧንቧና የተዛነፈ ልስን ተረከብን። ምክንያቱ ግን ወጣቶች መሥራታቸው ነው? ዋጋው እስከ አጥንት ተፍቆ፣ ሥልጠናው አጥሮ፣ ተቆጣጣሪው ሳስቶ፣ ርክክቡ በጥድፊያ ሆኖ ነው። ያም ሆኖ ዛሬ ብሎኬት ከሚያመርተው፣ ቧንቧ ከሚዘረጋው፣ በርና መስኮት ከሚገጥመው ሰው መካከል ቀላል የማይባለው እጁን ያፍታታው በዚያ ዘመን ነው። ከሚያፈሰው ቧንቧ የሚወሰደው ትምህርት «ደህና አድርገን እናሠልጥን» ነው። «ማሠልጠን እንተው» የሚለውን ድምዳሜ ከየት አመጣነው?

ሌላውን መንገድማ ሞክረነዋል፤ ውጤቱም በዓይን ይታያል። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር ሕንፃ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለቱንም የሠራው ያው የቻይና መንግሥት የኮንስትራክሽን ድርጅት ነው። ሕንፃዎቹ ያምራሉ፤ ስለ ጥራታቸው ክፉ አልናገርም። በሁለቱም ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ላባቸውን አፍስሰዋል። ነገር ግን በሁለቱ ምርቃት መካከል አሥር ዓመት አለ፤ አንድ ልጅ ከደረጃ አንድ ተነሥቶ ኢንጂነር የሚሆንበት ጊዜ። ነገ 200 ሜትር የሚያልፍ ሌላ ሕንፃ ቢታሰብ ስልክ የምንደውለው ወዴት ነው?

በአንጻሩ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋውን ባቡር አስቡ። ሥራ ሲጀምር የሚያስተዳድሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ውሉ ግን ስድስት ዓመት የሚል ገደብ ነበረው። በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች ተላለፈ። ባቡሩ ዛሬም ችግር የለበትም አልልም፤ መለዋወጫ አለ፣ የገንዘብ ጣጣ አለ። ቢሆንም የሚተካ ሰው እንዲዘጋጅ ያስገደደው በውል የተቆረጠ ቀን ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ባቡር ለማስረከብ ቀን መቁረጥ ከተቻለ፣ የአንድን ሕንፃ ሊፍትና አየር ማቀዝቀዣ የሚጠግኑ ልጆችን አሠልጥኖ ለማስረከብ የሚያቅተን ለምንድን ነው?

የጥገናው ጉዳይ «ግንባታ ጊዜያዊ ነው፤ አለቀ፣ ሥራውም አለቀ» ለሚሉትም መልስ ነው። ግንባታው ሦስት አራት ዓመት ነው፤ ሕንፃው ግን ሃምሳ ዓመት ሰው ይፈልጋል። ሊፍት በየወሩ ይታያል፣ የውኃ ፓምፕ ይቃጠላል፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ይፈተሻል፣ ሆቴል ካለበት አልጋ አንጣፊውና ምግብ አብሳዩ አለ። ቋሚው ሥራ እዚህ ነው፤ የሰፈሩም ሰው ብዙውን ጊዜ የማይደርስበት እዚህ ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ሌት ተቀን መሥራት ፋሽን በሆነበት ጊዜ ሥልጠና የሚያዘገይ ይመስላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶች ሳይት ባያውቁም ነገሩን ያውቁታል። ኮንትራክተሩ በስንተኛው ወር ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ያውቃል፤ መርሐ ግብሩ ላይ አለ። በስንተኛው ወር ስንት ፌራዮ፣ ስንት ሴራሚክ አንጣፊ፣ ስንት ኤሌክትሪሺያን እንደሚፈልግም እዚያው መርሐ ግብር ላይ አለ። ያችን ወረቀት ከለገሃር በእግር ለሚደረስበት ለተግባረ ዕድ የቴክኒክ ኮሌጅ መስጠት ግንባታውን ስንት ቀን ያዘገየዋል? የቴክኒክና ሙያ ፖሊሲያችን እንደሆነ ተማሪው በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ እየሠራ ይማር ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ተማሪዎቹ ግን ደብዳቤ ይዘው ከአንዱ ሳይት በር ወደ ሌላው ይንከራተታሉ፤ ዘበኛው «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሳቸዋል።

አሁን ወደ ከባዷ ነጥብ። «የአካባቢ ሰው» ማነው? እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቼ ስጋት እውነተኛ ነው። ቃሉ ልቅ ከሆነ የቀበሌ ደብዳቤ ይሸጥበታል፣ ደላላ ይከብርበታል፣ የዘር ማጣሪያም ይሆናል። ነገር ግን ያለ ደንብ ዛሬ ያለው ምንድን ነው? ቀጣሪው ካቦው ነው። ካቦው የሚጠራው የወንዙን ልጅ ነው። ማልዶ አካፋውን ይዞ ከሳይቱ በር የሚቆመው ሰው የካቦው አገር ሰው ካልሆነ ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል። በዘር መቅጠርን የምንፈራ ከሆነ እሱ ዛሬም በጎን በር እየገባ ነው፤ ደንብ አለመኖሩ አላቆመውም፣ አመቻቸለት እንጂ።

ደንቡ ትውልድን ሳይጠይቅ ሊጻፍ ይችላል። ቅድሚያው በፕሮጀክቱ ምክንያት አንዳች ነገር ላጣ ሰው ይሁን። ቤት የሚቆጥሩት ሠራተኞች ቀይ ቀለም ይዘው በር በር ላይ ቁጥር ሲጽፉ አይተናል። የሚቆጥሩት ቤትን ነው። የቤቱ ባለቤት ካሳ ወይም ምትክ ያገኛል፤ የቀበሌ ቤት ተከራዩም አንድ መላ ይበጅለታል። ደባሉስ? በሩ ላይ ጀበና ጥዳ ሰፈሩን ቡና የምታጠጣዋስ? አንድ የልብስ ስፌት መኪና ይዞ በረንዳ ተከራይቶ የኖረውስ? ከወላይታም ይምጣ ከጎጃም፣ በዚያ ሰፈር አልጋ በሌሊት ሒሳብ ተከራይቶ ቀን ሥራ ሲሠራ የኖረውስ? እነዚህ ሁሉ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰፈሩ ሲነሣ ደንበኛቸውም፣ ማደሪያቸውም አብሮ ተነሥቷል። ቀለም ይዞ የሚዞረው ሠራተኛ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመርለት፦ በዚህ ቤት ሥራ የሚፈልግ ማን አለ፣ ምን ይችላል? ዝርዝሩ ቤቶቹ ከመፍረሳቸው በፊት ይለቅ፣ በሳይቱ አጥር ላይ ይለጠፍ፣ የጎደለ ስም ያለው አቤት ይበል። በአደባባይ የተለጠፈ ስም ለመሸጥ አይመችም። ከዚያ ለቀረው ቦታ የወረዳው ተመዝጋቢ ሥራ ፈላጊ ይከተል፤ መታወቂያው ላይ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቀው።

«ወጪውን ማን ይሸፍናል?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሥልጠናው በጨረታ ሰነዱ የሥራ ዝርዝር ላይ እንደ አሸዋና ጠጠር የራሱ መስመር ይኑረው፤ ሁሉም ተጫራች እኩል ዋጋ ይሙላበት። ያን ጊዜ ያሠለጠነው ኮንትራክተር ካላሠለጠነው ተወዳድሮ አይከስርም። ለሥራ ጥራት ሪቴንሽን እንደሚያዝ ሁሉ ለዚህም ከእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፍኬት ይያዝ፤ የሠለጠኑት ሲኦሲ ሲያልፉ ይለቀቅ። አማካሪ መሐንዲሱ የአርማታውን ጥንካሬ እንደሚፈርም የነዋሪውንና የተለማማጁን ሰዓት ይፈርም። ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ ለጥገናና ለአስተዳደር ከሚቀጠሩት ስንቱ ከሠለጠኑት እንደሚወሰዱ በሊዝ ውሉ ላይ በቁጥር ይስፈር። ይህ ሁሉ ሊደረግ የሚችለው ፊርማው ላይ ብዕር ከማረፉ በፊት ነው። ከፊርማው በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ልመና ነው፤ አልሚው ቢፈልግ ቲሸርትና የምስክር ወረቀት አዘጋጅቶ ያሳልፈዋል።

የከተማው አስተዳደር ሰዎች፣ የሥራና ክህሎት ቢሮውም ሆነ የመሬት ቢሮው፣ ይህን የማያውቁ አይመስለኝም። ለየብቻ ስለሚሠሩ ግን መሬት የሚሰጠው ስለ ሥራ አይጠየቅም፣ ስለ ሥራ የሚጠየቀው ውሉን አያየውም። ስለዚህ ጥያቄው ከውጭ መምጣት አለበት። ጋዜጠኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው የመሠረት ድንጋይ ሥነ ሥርዓት ላይ «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል» የሚል ወረቀት ሲታደላችሁ እጃችሁን አውጡና አንቀጹ የውሉ ስንተኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ በሰዓት ነው የሚለካው፣ ማን ይፈርምበታል፣ ካልተፈጸመ ስንት ብር ይያዛል በሉ። አንቀጹ ከሌለ ቁጥሩን አትጻፉት።